ቤንዚኑ የት ቀረ?

ትምህርት አሥራ ሁለት

ሀ. ከምንባቡ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

1. አንድ መሣሪያ ሲበላሽ በመጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ምንድን ነው?
2. «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በምን ጊዜ ይነገራል?

ለ. ምንባብ

ኤም ጂ ቢ የተባለችው የስፖርት መኪና በእንግሊዝ አገር፣ በአቢንግዶን ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ስትሠራ የቆየች ናት። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ይዘቱ 1,798 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከ500,000 የሚበልጡ መኪኖች ተሠርተዋል። አሠራሯ ቀላልና ለጥገና የሚመች በመሆኑ፣ ዛሬም ብዙ ሰዎች እንደ ቅርስ ጠብቀው ይነዷታል። ይሁን እንጂ በመጨረሻ የተሠሩት እንኳ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት አልፏል። ቱቦዎቻቸው ይደርቃሉ፤ የቤንዚን ታንኮቻቸው ይዝጋሉ። ስለዚህ ከተለመዱት ሕመሞቻቸው አንዱ ቤንዚን ከታንኩ ተነሥቶ ሞተሩ ዘንድ በሚገባ አለመድረሱ ነው።

አንድ እንግሊዛዊ እንዲህ ያለች መኪና አለችው እንበል። መኪናዋ ጧት ያለ ችግር ትነሣለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዘች በኋላ ግን ዳገት ስትወጣ ጉልበቷ ይደክማል፤ ሞተሯ እንደሚያስል ሰው ይንተፋተፋል፤ በመጨረሻም ትቆማለች። ጥቂት ካረፈች በኋላ እንደገና ስትነሣ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትሄዳለች። ባለቤቷ «ፓምፑ ነው» ብሎ አዲስ ፓምፕ ገዛ፤ አልዳነችም። «ካርቡሬተሩ ነው» ብሎ አስፈታው፤ አልዳነችም። ካንዴላዎቹን ሁሉ ለወጠ፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ቀረ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን በጠባብ የዳገት መታጠፊያ ላይ ቆመችበትና ከኋላ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታት። ይህ ሰው ገንዘቡን ከማባከኑም በላይ ሕይወቱን ሊያጣ ነበር። ስሕተቱም የእውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ መኪናዋን ሳይመረምር መፍረዱ ነው።

በሚገባ ለመመርመር በመጀመሪያ የቤንዚኑን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ታንኩ የሚገኘው ከመኪናዋ በስተኋላ ነው። ከእርሱ አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ አለ። በፓምፑ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮማግኔት አንድ ስስ ሽፋን ሲስብ ቤንዚን ከታንኩ ይመጠጣል። ሽፋኑ ተስቦ ሲያበቃ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ የሽቦ ሞላ ሽፋኑን መልሶ ይገፋውና ቤንዚኑ ወደ ፊት ይላካል። በእያንዳንዱ ምት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በኋላ ቤንዚኑ በመኪናዋ ሥር በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ አልፎ ወደ ካርቡሬተሮቹ ይደርሳል፤ በቀደሙት ሞዴሎች እነዚህ ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ ካርቡሬተር ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ጽዋ አለው። ጽዋው ሲሞላ በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ይልና መርፌ መሰሉን መዝጊያ ይዘጋዋል። ፓምፑም የሚልክበት መንገድ ስለሚያጣ ዝም ይላል። ሞተሩ ከጽዋው በወሰደ መጠን መዝጊያው ይከፈታል፤ ፓምፑም ሥራውን ይቀጥላል።

ምርመራውን ከመጀመር በፊት ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ በዝቅተኛ ስፍራ፣ በጋራዥ ወለልና በጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ምርመራው በገላጣ ስፍራ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ይካሄዳል። ሲጋራ አይጨስም፤ የእሳት ማጥፊያም በቅርብ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጥፋቱ የቤንዚን ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው የሚለው ነው። ብልጭታ ሲጠፋ ሞተሩ ብዙውን ጊዜ በድንገት ጸጥ ይላል። ቤንዚን ሲያጥር ግን ቀስ በቀስ ይደክማል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋልና፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ቅይጡ ይሳሳል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ሞተሩ አልነሣ ካለ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይጠቅማል። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው፤ በቤንዚን ከራሰ ግን ቤንዚኑ ደርሷል፤ ያጣው ብልጭታውን ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የቤንዚን መሆኑ ከታወቀ ፓምፑን ማዳመጥ ይገባል። ቁልፉ ሲዞር ፓምፑ ጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መትቶ ከዚያ ዝም ቢል ጤነኛ ነው፤ ጽዋዎቹ ሞልተዋል። ሳያቋርጥ በፍጥነት ቢመታ ታንኩ ባዶ ነው፣ ወይም በአንድ የላላ ማያያዣ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም የጽዋው መዝጊያ አልዘጋ ብሎ ቤንዚን እየፈሰሰ ነው። ምቱ ዘገምተኛና የደከመ ቢሆን መንገዱ ተዘግቷል። ጽዋዎቹ ባዶ ሆነው ጨርሶ ዝም ቢል ደግሞ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይም የውስጥ መገናኛ ነጥቦቹ ተቃጥለዋል። በዚህ ጊዜ ፓምፑን በቀስታ መታ መታ ሲያደርጉት ቢነሣ፣ ጥፋቱ የነጥቦቹ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ቱቦው ከካርቡሬተሩ ይፈታና ጫፉ ከሞተሩ ርቆ በተቀመጠ የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል። የካንዴላዎቹ ብልጭታ እንዲቋረጥ ከተደረገ በኋላ ቁልፉ ይዞራል። ቤንዚኑ በኃይል እየተመታ ቢወርድ እስከዚያ ያለው መንገድ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ከካርቡሬተሩ ይፈለጋል። በደካማው ቢንጠባጠብ ማጣሪያው ወይም ቱቦው ተደፍኗል። አረፋ ቢበዛበት በመሳቢያው በኩል አየር ገብቷል። እንዲህ አንዱን ክፍል ነጻ እያወጡ ወደሚቀጥለው መሄድ፣ ጥፋቱን ከሚደበቅበት ስፍራ ያስወጣዋል።

አሁን ወደ ባለመኪናው እንመለስ። መኪናዋ እንደገና በቆመች ጊዜ ፓምፑን ቢያዳምጠው፣ ምቱ ዘገምተኛና የደከመ ነበር። ይህም መንገዱ መታፈኑን ያመለክታል። ነገር ግን ጥቂት ሲያርፍ ራሱን የሚከፍት መታፈን ምን ዓይነት ነው? ሰውየው የታንኩን ክዳን በፈታ ጊዜ «ሽው» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። ከአንድ ወር በፊት የቀድሞው ክዳን ጠፍቶበት ሌላ ገዝቶ ነበር። የቀድሞው ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳ ነበረው፤ አዲሱ ግን መተንፈሻው በሌላ ስፍራ ለተሠራለት ታንክ የሚሆን ድፍን ክዳን ነበር። ቤንዚን ከታንኩ በወጣ ቁጥር ምትኩ አየር መግባት አለበት። አየር ካልገባ በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ፓምፑም መሳብ ያቅተዋል። መኪናዋ ስታርፍ አየር በጠባብ ክፍተት ቀስ በቀስ እየሰረገ ስለሚገባ ሕመሙ ለጊዜው ይለቃታል። ሰውየው ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት «ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት የለወጥሁት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ድካም ባልደረሰበት ነበር።

በዚህ ዘመን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ተገኝቷል። በብሪታንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ የተለመደው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኤታኖል ለጥንቱ ላስቲክ ተስማሚ አይደለም፤ ውኃም ስለሚስብ ዝገትን ያፋጥናል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ቱቦ ከውስጥ እየተላጠ ማጣሪያውን ሊደፍን ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠባጠቡ ነው። ስለዚህ የጥንት መኪና ያለው ሰው ኤታኖልን በሚቋቋም አዲስ ቱቦ አሮጌውን መተካት ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ጥሩ መካኒክ የሚባለው ብዙ ዕቃ የሚለውጥ ሳይሆን፣ ከመለወጡ በፊት አይቶና አዳምጦ ምክንያቱን የሚያገኝ መሆኑን ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ትነት — ፈሳሽ ነገር ወደ አየርነት ሲለወጥ የሚወጣው ክፍል
ቅይጥ — የሁለት ወይም የበለጡ ነገሮች ድብልቅ
መታፈን — የአየር ወይም የፈሳሽ መተላለፊያ ማጣት
ሰረገ — በጠባብ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ገባ ወይም አለፈ
ገላጣ — ያልተከለለ፣ አየር እንደ ልብ የሚዘዋወርበት

መ. ጥያቄዎች

1. ፓምፑ ዝም ማለቱ መቼ የጤንነት፣ መቼስ የሕመም ምልክት ነው?
2. የቤንዚን ትነት ከአየር መክበዱ አደጋውን የሚያብሰው ለምንድን ነው?
3. መኪናዋ ካረፈች በኋላ ለጊዜው ትሻላት የነበረው በምን ምክንያት ነው?
4. ጸሐፊው «ስሕተቱ የእውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሠ. ሰዋስው

በምሳሌው መሠረት የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አሟሉ።

ምሳሌ፦ ክዳኑን ቢመረምር ኖሮ ገንዘቡን ባላባከነ ነበር።

1. ፓምፑን ቢያዳምጥ ኖሮ …
2. አሮጌውን ቱቦ ባይለውጥ ኖሮ …
3. … ሞተሩ ባልቆመ ነበር።

ረ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የተበላሸ አንድ መሣሪያ መርጣችሁ፣ ጥፋቱ እንዴት ደረጃ በደረጃ ሊመረመር እንደሚችል በሦስት አንቀጽ ጻፉ።