ፊትሽንም አሠልጥኚው

ቆይ ሚጣ፣ «ቀጣይ» የሚለውን አትጫኚው። ከኋላሽ ቆሜ እያየሁሽ ነው፤ ይሄን ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል የሚያስተምር የሥልጠና ገጽ አላነበብሽውም። ላይሰንስሽ የሚታደሰው በሥልጠና ሰዓት ስለሆነ ቶሎ ሞልተሽ ሰርተፊኬቱን ማተም እንደፈለግሽ ይገባኛል። ግን «ክሊኒካችን የቀድሞ ወታደሮችን መቀበል ሊጀምር ነው» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ፊትሽ የሚቀመጠው ሰውዬ ሰርተፊኬትሽን አይጠይቅሽም። እኔ እዚህ ሥራ ውስጥ ካንቺ ቀድሜ ስለገባሁ፣ ስላይዱ ላይ ያለውንም የሌለውንም ልንገርሽ። ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ እየጠጣሽ ስሚኝ።

«ለወታደርማ ቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤቱ፣ አለለት» እንዳትይኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ6,400 በላይ የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ በአማካይ በቀን ከ17 ሰው በላይ ማለት ነው። ከነሱ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት በዚያ ሰሞን የቪኤን ደጅ አልረገጡም። እንዲህ ያለውን ሰው የማግኘት ዕድል ያለው ሲቪሉ ቴራፒስት ነው፤ ስለ ትዳሩ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ወገቡ ሕመም ሊያወራ ሲመጣ የሚቀበለው እንደ አንቺ ያለው። ደግሞ «በቀን 22» የሚለውን ቁጥር ከየፖስተሩ ቀድተሽ ለሰው እንዳትናገሪ። ከ21 ስቴቶች ብቻ ከተሰበሰበ መረጃ የወጣ የድሮ ግምት ነው።

ሥልጠናው ላይ ያለው ፎቶ በረሃ ላይ የቆመ ወታደር ነው። ራሳቸውን ካጠፉት መካከል ግን ጦር ሜዳ ጨርሶ ያላዩ ብዙ አሉ። ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት) ያለበት ሁሉ ሞትን አያስብም፤ ሞትን የሚያስበውም ሁሉ ፒቲኤስዲ የለበትም። ጆሮሽን ለሌላውም ክፈቺ፦ ለፈረሰ ትዳር፣ ለዕዳ፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ፣ ለማይለቅ ሕመም፣ ለመጠጥ፣ ለሳምንታት ለጠፋ እንቅልፍ። በተለይ ከሠራዊቱ ከወጣ ዓመት ያልሞላውን ሰው ጠበቅ አድርገሽ ያዢው። ትናንት ማዕረግ ነበረው፣ ጠዋት አብረውት የሚነሱ ጓዶች ነበሩት፣ እሱ ሥራውን ባይሠራ ሌላው እንደሚጎዳ ያውቅ ነበር። ዛሬ አፓርታማው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚደውልለት የለም። ቶማስ ጆይነር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ስሜቶችን ነጥሎ አሳይቷል፤ «የማንም አይደለሁም» እና «ለሰው ሸክም ሆኛለሁ»። ሦስተኛ ያደረገው ሞትን አለመፍራትን ነው፤ እሱን ደግሞ ወታደሩን ሥራው አስለምዶታል። ስለዚህ «እኔ ባልኖር ለልጆቼ ይሻላቸው ነበር» የሚል ሰው ካገኘሽ በማባበል አትለፊው። እዚያው ቁሚና ጠይቂ።

ጥያቄው ነው ችግሩ። እኔና አንቺ ያደግነው ይሄ ነገር ስሙ በማይጠራበት ቤት ነው። ሰፈር ውስጥ አንዱ እንዲያ ሆኖ ሲሞት «በድንገት» ተብሎ ይታለፋል፤ ለቅሶው ሳይቀር ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ፍትሐት ይደረግለት አይደረግለት እየተባለ ቤተሰቡ ይሸማቀቃል። ሆድ ይፍጀው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እንግሊዝኛ ስትናገሪም ያው አመል ይከተልሽና ጥያቄውን ታድበሰብሺዋለሽ። «ራስህን የመጉዳት ሐሳብ የለህም አይደል?» ትያለሽ። እንዲህ የተጠየቀ ሰው ምን ይላል? «የለኝም» ነዋ፤ መልሱን አንቺው አቀብለሽዋል። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይው፣ ሳትሸፋፍኚ። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ እንደማይተክል ተደጋግሞ ተጠንቷል። ብዙዎቹ እንዲያውም እፎይ ይላሉ።

ታዲያ ያንን ስትጠይቂ ፊትሽን ያያል። ወታደር ፊት ማንበብ ያውቅበታል። ዓይንሽ ከፈጠጠ፣ እስክሪብቶ ለማንሳት ከቸኮልሽ፣ «አዎ» ሊል የነበረው «እሱ እንኳ ድሮ ነው» ይልና ይዘጋዋል። ራስን የማጥፋት አደጋን የሚለየውን የኮሎምቢያን መጠይቅ በቃልሽ መያዝ ትችያለሽ፤ ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። ፊትሽን ግን ማንም ኮምፒውተር አያሠለጥንልሽም። ዛሬ ማታ እኔ ሰውዬውን ልሁን፣ አንቺ ጠይቂኝ። «አዎ፣ ትናንት ማታ» እልሻለሁ። ሳትደነግጪ «እስቲ ንገረኝ» ማለት እስክትችይ ድረስ እንደጋግመዋለን። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ያመልጥሻል፤ የማያመልጠው የለም።

የማትጠይቂው ደግሞ አለ። «ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» በጭራሽ። ሊነግርሽ ከፈለገ በራሱ ጊዜ ይነግርሻል። «ሠራዊቱ ውስጥ ሥራህ ምን ነበር?» ብትይው ግን ሹፌርም ይሁን ሜካኒክ ወግ ይከፍትልሻል። ምሕጻረ ቃል ሲደረድርብሽ የገባሽ አትምሰይ። ገና በሥራ ላይ ያለ ወታደር ከሆነ፣ ምስጢሩ እስከ የት እንደሚጠበቅ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪው። አለቃዬ ይሰማብኛል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ደንቡ ለአለቃ የሚነገረውን ቢገድብም፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ በሩ ይከፈታል። ምስጢሩ ከዚያ በላይ እንዲጠበቅለት ለሚፈልግ ቻፕሊን የሚሉት የሠራዊቱ ቄስ አለለት።

«ራሴን አላጠፋም» ብሎ ታካሚ የሚፈርምበት ወረቀት ድሮ ነበረ። አንዳንድ ክሊኒክ መሳቢያ ውስጥ አሁንም አይጠፋም። ካገኘሽው ቅደጂው፤ ሕይወት ማዳኑን ያሳየ ጥናት የለም። በሱ ፈንታ ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን ያዘጋጁትን የደኅንነት ዕቅድ ተማሪ፤ ቪኤም የሚሠራበት እሱን ነው። አንድ ገጽ ናት። ክፉው ሰዓት ሲመጣ በምን ያውቀዋል? ብቻውን ሳለ ምን ቢያደርግ ትንፋሽ ያገኛል? የት ቢሄድ፣ ከማን ጋር ቢሆን ሐሳቡ ይበተናል? ደፍሮ የሚነግረው ማን ነው? የትኛው ባለሙያ ጋ ይደውላል? ቤቱስ ውስጥ ምን ይራቅለት? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በቪኤ ድንገተኛ ክፍሎች የታከሙ 1,640 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ዕቅዱን ሠርተው ከወጡ በኋላ በስልክ የተጠየቁት ሰዎች ዘንድ በስድስት ወር ውስጥ ራስን የማጥፋት ሙከራና መሰል ድርጊት 45 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ከስልኩ ጋር መሆኑን ልብ በይ። ወረቀቱን ሰጥተሽ «በርታ» ብለሽ ከሸኘሽው ግማሹን ሥራ ትተሽዋል።

ዕቅዱን በሱ አፍ ጻፊው። «የመቋቋሚያ ስልቶችን እጠቀማለሁ» እያለ የሚያወራ ሰው የለም። «ውሻዬን ይዤ ወንዙ ዳር እሄዳለሁ» ካለሽ እንዲያው ጻፊው፣ የውሻውንም ስም ጨምሪ። የወንድሙን ስልክ ሲጽፍ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ያነሳል?» ብለሽ ጠይቂው። የማያነሳ ከሆነ ስሙ እዚያ ምን ይሠራል? ለቀድሞ ወታደሮች የቀውስ መስመር 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን የሚለውን ደግሞ አንቺ እያየሽው ስልኩ ላይ ይመዝግበው።

አሁን ስላይዱ በሁለት መስመር ያለፈው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ እኔ ደግሞ ማታውን ሙሉ ባወራው የማይሰለቸኝ። ራሳቸውን ካጠፉት የቀድሞ ወታደሮች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል የሞቱት በጦር መሣሪያ ነው። ያ ክፉ ሰዓት ይመጣል፣ ያልፋል። ለአንዳንዱ ከቆረጠ በኋላ እጁን እስከሚያነሳ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። በነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ ምን አለ? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ሲቪል ቴራፒስት ይሄን ጥያቄ ይሸሸዋል። ፖለቲካ ይመስለዋል፣ ወይም ስለ ጠመንጃ ምንም ስለማያውቅ ያፍራል። አንቺ ግን የአያታችንን ቤት አስታውሺ፤ ጠመንጃው ከራስጌው ተሰቅሎ። «አምጣው» ብሎ የሚደፍረው ማን ነበር? ክብሩ ነበር፣ የቤቱ ዘብ ነበር። ቴክሳስ ያደገው ማሪንም ልቡ ከዚያ አይርቅም። ስለዚህ «መሣሪያህን አስረክብ» ካልሽው ሁለተኛ አታዪውም። «ክፉው ሰዓት ሲመጣ መሣሪያው ራቅ እንዲል ምን ብናደርግ ይሻላል?» በይውና ዝም በይ። መላውን እሱ ያውቀዋል፤ የመሣሪያ ጥንቃቄ የተማረው ገና ምልምል ሳለ ነው። ካዝና ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለሚስቱ ይሰጣል፣ ጥይቱን ለብቻው ያስቀምጣል፣ ወይ ለጊዜው ዘመድ ቤት ያኖረዋል፤ የመጨረሻው በየስቴቱ ሕግ ስለሚለያይ አስቀድመሽ አጣሪ። ቪኤ የሽቦ መቆለፊያ በነጻ ይሰጣል። ጥቂት አስመጪና መሳቢያሽ ውስጥ ይኑርሽ፤ ይዞ የሚሄደው ነገር ሲሰጡት ወታደር ደስ ይለዋል።

ትንሽ ርቀት ምን እንደሚያደርግ ለማየት እስራኤልን ተመልከቺ፤ የኛም ልጆች የሚያገለግሉበት ሠራዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ካምፕ ትተው እንዲሄዱ ተወሰነ። በወጣቶቹ ወታደሮች ዘንድ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። የቀነሰውም በሰንበቱ ነው፤ በሥራ ቀናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የማንም ሐዘን አልተነሳለትም፣ የራቀው ጠመንጃው ነው።

የደኅንነት ዕቅዱ ግን ሕክምና አይደለም፤ አንዳንዱ ቦታ እንደ ሕክምና ሲቆጠር አያለሁና ያናድደኛል። ኮሎራዶ፣ ፎርት ካርሰን የጦር ሰፈር ውስጥ ዴቪድ ረድ፣ ክሬግ ብራያንና ባልደረቦቻቸው 152 ወታደሮች ላይ አጭር የኮግኒቲቭ ሕክምና ሞክረው ነበር፤ ድባቴውን ብቻ ሳይሆን ራስን የማጥፋቱን ሐሳብ ራሱን ፊት ለፊት የሚይዝ። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታተመው፣ ያንን ያገኙት ወታደሮች በሁለት ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል 60 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። የሚቀጥለው ኮርስሽ እሱ ይሁን። ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ያለው ሴንተር ፎር ዲፕሎይመንት ሳይኮሎጂ ሲቪል ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ካንቺ ቤት ሩቅም አይደል።

ገንዘብ የለኝም ብሎ ድንገተኛ ክፍል መሄድ የሚፈራ ካለ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች ቪኤ ባይመዘገቡም ለእንዲህ ያለ አደጋ በነጻ እንደሚታከሙ ንገሪው። አልጋ ይዞ መተኛት ቢያስፈልገው እስከ 30 ቀን ይሸፈናል።

የሐበሻ ልጅ መጥቶ ደጅሽን የሚያንኳኳበትም ቀን ይመጣል። እናቱ «ጸበል ይሂድ» ብትል እንዳትጋፊያት። ጸበሉም ይሂድ፣ ቀጠሮውም አይቋረጥ። ልጁ ከፈቀደ እሷን ወደ ዕቅዱ አስገቢያት። የካዝናው ቁልፍ ማን ጋ ይቀመጥ ሲባል ከሷ የተሻለ ዘብ አታገኚም።

ከባድ ሰው ሲገጥምሽ ብቻሽን አታድሪበት። ኮሎራዶ ላይ ያለ የቪኤ የምክክር አገልግሎት አለ፤ የቀድሞ ወታደር የሚያክም ባለሙያ የቪኤ ሠራተኛ ባይሆንም በነጻ ያማክሩታል። የሰውየውን ስም ሳትጠቅሺ ጉዳዩን በኢሜይል ታስረጃቸዋለሽ። አድራሻቸውን ዛሬውኑ ፈልጊና አስቀምጪ፣ የቸገረሽ ቀን መፈለግ አይሆንልሽም። እኔን እንዳታማክሪኝ፤ ስለ ታካሚሽ አንዲት ቃል መስማት የለብኝም። እነሱን ካነጋገርሽ በኋላ ግን ነይ፣ ሽሮ እሠራልሻለሁ፣ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።