እናት ሥራ ስትውል ሕፃኑ የት ይውላል?

ምንባብ

ናይሮቢ የተመሠረተችው በ1899 ነው። ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያመራ የነበረው የባቡር ሐዲድ ረግረጋማው ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ለሠራተኞቹ ድንኳንና ለዕቃው መጋዘን የተተከለበት ሰፈር ውሎ አድሮ ከተማ ሆነ። ዛሬ የኬንያ ዋና ከተማ ናት፤ በ2019 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዎቿ ወደ 4 ሚሊዮን 400 ሺህ ይጠጉ ነበር። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የከተማዪቱ እምብርት ሁለት መልክ አለው። በአንድ ወገን ሰፊው የኬንያታ ጎዳና፣ ባንኮች፣ ሆቴሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይታያሉ። ከቶም ምቦያ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ግን ገበያው ይጀምራል፤ አትክልት በጅምላ የሚሸጥበት ዋኩሊማ፣ የሙቱርዋ ገበያ፣ ጥቂት አለፍ ብሎም የሰልቫጅ ልብስ የሚቸበቸብበት ጊኮምባ ይገኛሉ። ጎሕ ሳይቀድ ማታቱ በሚባሉት ትናንሽ አውቶቡሶች ተጭነው ወደዚህ ከሚጎርፉት ሰዎች መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው። ጎመንና ቲማቲም በጅምላ ገዝተው የሚቸረችሩ፣ ልብስ የሚሸጡ፣ ምግብ አብስለው የሚያቀርቡ፣ በቢሮና በሱቅ የሚያጸዱ ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ በርካቶቹ የሕፃን ልጅ እናቶች ናቸው።

ታዲያ እናቲቱ ከጎሕ እስከ ምሽት ገበያ ስትውል ሕፃኑ የት ይውላል? ገጠር ቢሆን ኖሮ አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አይጠፋም፤ ልጅ የመንደሩ ሁሉ ነውና። ከተማ የገባች ወጣት እናት ግን አያቱን ትታ ነው የመጣችው። ያላት ምርጫ ጥቂት ነው። አንደኛው ሕፃኑን በነጠላ ጨርቅ አዝላ ገበያ መውጣት ነው፤ በዚያም አቧራ፣ ጢስና የመኪና ጩኸት ይጠብቁታል። ሌላው ታላቅ እኅቱን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ሞግዚት ማድረግ ነው፤ ይህም አንዱን ልጅ ለመጠበቅ የሌላዪቱን ዕድል መሸጥ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በር ቈልፎ መሄድ ነው። ከእነዚህ የተሻለ የሚመስለው የቀረው መንገድ ገንዘብ ከፍሎ ለሌላ ሴት መስጠት ነው።

ችግሩ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከተማዪቱ ስትቈረቈር አብሯት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካዊው ወደ ናይሮቢ እንዲመጣ ይፈለግ የነበረው ብቻውን፣ በጉልበቱ ብቻ ነበር። ደመወዙ የሚተመነው ሚስትና ልጆች የሌሉት ሰው ይመስል ነበር፤ ቤተሰቡ በገጠር በራሱ እርሻ ይደር ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ልጅ በከተማው ዕቅድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ለአፍሪካውያን ሕፃናት መዋያ የተከፈተው ቀድሞ በከተማው ሳይሆን፣ በ1940ዎቹ በቡናና በሻይ እርሻዎች ላይ ሲሆን፣ ዓላማውም የእናቶቹ እጅ ከለቀማው እንዳይጓደል ነበር። በ1952 በማው ማው ትግል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላም ሴቶች በግዳጅ ሥራ ሲሰማሩ፣ ልጆቻቸው በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ይጠበቁ ነበር። እንግዲህ መዋያው በመጀመሪያ የተቋቋመው ለሕፃኑ ተብሎ ሳይሆን ለእናቲቱ ጉልበት ተብሎ ነው።

ኬንያ በታኅሣሥ ወር 1963 ነጻነቷን ስትቀዳጅ መንፈሱ ተለወጠ። ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ!» እያሉ ሕዝቡን ቀሰቀሱ፤ ቃሉ በስዋሂሊ ቋንቋ «ተባብረን እንሳብ» እንደ ማለት ነው። ወላጆች ገንዘብና ጉልበት አዋጥተው በየመንደሩ አፀደ ሕፃናት ሠሩ፤ አስተማሪም ቀጠሩ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኬንያ የትምህርት ተቋም በአንድ የኔዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ርዳታ የአፀደ ሕፃናት መምህራንን ማሠልጠኛ ዘዴ ሲያጠና ቈየ፤ በ1984ም ለዚሁ ተግባር ብሔራዊ ማእከል ተቋቋመ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ሐራምቤ አንድ ጕድለት ነበረበት። የአስተማሪዋ ደመወዝ ከወላጆች መዋጮ የሚገኝ በመሆኑ፣ ወላጆቹ ድኾች በሆኑበት ሰፈር አስተማሪዋም ድኻ ነበረች። በ2003 መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ እንዲሰጥ ሲያደርግም አፀደ ሕፃናትን አልጨመረም። አንዳንድ ወላጆች ታዲያ ክፍያውን ሽሽት ልጆቻቸውን ከአፀደ ሕፃናት አስወጥተው፣ ነጻው አንደኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ቤት አስቀመጧቸው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2010 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። ሕጉ ለአውራጃ መንግሥታት ከሰጣቸው ተግባራት መካከል የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትና የሕፃናት መዋያዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፈዋል። አውራጃዎቹ፣ ናይሮቢም ጭምር፣ በ2013 ሥራ ሲጀምሩ ሁለቱንም ተረከቡ። ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የተወለዱት ሁለት ልጆች እኩል አላደጉም። ለመጀመሪያው፣ ማለትም ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጆች ትምህርት፣ ክፍል ተሠራለት፤ መምህራን ተቀጠሩለት። ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ።

የዚህን ውጤት ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። በ2007 በወጣው የኬንያ የሥራ ሕግ መሠረት የወለደች ተቀጣሪ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የ3 ወር ፈቃድ ታገኛለች። ልጅዋ ወደ መንግሥት አፀደ ሕፃናት የሚገባው ግን 4 ዓመት ሲሞላው ነው። በመካከሉ 3 ዓመት ከ9 ወር፣ ማለትም 45 ወራት አሉ። በእነዚህ 45 ወራት ውስጥ ሕፃኑ ዳዴ ይላል፣ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ አፉን ይፈታል፤ አእምሮው በቀሪ ዕድሜው በማይደገም ፍጥነት ያድጋል። መንግሥት ከሕፃኑ ጋር የማይገናኘው እንግዲህ በዚሁ ጊዜ ነው። ለገበያዋ ሴት ደግሞ 45ቱ ወራት 48 ይሆናሉ፤ ፈቃድ የሚሰጣት ሰው የለምና። በ2017 የወጣው የጤና ሕግ አሠሪዎች ለሚያጠቡ እናቶች በሥራ ቦታ ክፍል እንዲያዘጋጁ ያዛል። በኬንያታ ጎዳና ባንክ ውስጥ ለምትሠራው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ አሠሪን ያዛል፤ አሠሪ የሌላት የሙቱርዋ ነጋዴ ግን ማን ታዞላት ክፍል ታገኛለች?

ክፍተቱን የሚሞሉት ሌሎች ድኻ ሴቶች ናቸው። በኮሮጎቾ፣ በሙኩሩና በኪቤራ የቆርቆሮ ሰፈሮች የጎረቤቶቻቸውን ልጆች ተቀብለው የሚያውሉ ሴቶች አሉ። መዋያው ብዙውን ጊዜ የሴትዮዋ መኖሪያ ክፍል ራሱ ነው። ክፍያው በየቀኑ ነው፤ ገበያው የቀዘቀዘባት እናት ማታ ባዶ እጇን ብትመጣ «ነገ እከፍላለሁ» ትላለች፤ ጠባቂዋም ከማመን በቀር ምርጫ የላትም።

የእነዚህን ሴቶች ሥራ ከውጭ ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ግን ከሒሳቡ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ጠባቂ ለአንድ ሕፃን በቀን 50 ሽልንግ ትቀበላለች ብለን እናስብ። ሕፃናትን በደንብ ለመንከባከብ 4 ልጆች ብቻ ብትይዝ የቀን ገቢዋ 200 ሽልንግ ይሆናል፤ ከዚህም ላይ ውሃና ከሰል ትገዛለች። በዚህ ኑሮ አይገፋም። ስለዚህ 15 ወይም 20 ልጆች ትቀበላለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚደርሰው ዐይንና እጅ ያንሳል። ክፍያውን 200 ሽልንግ ብታደርገው እናቲቱ ለምን ሥራ ትወጣለች? ድኻ እናት ልትከፍል የምትችለው ገንዘብ፣ ጥሩ ጠባቂን በደንብ ሊያኖር አይችልም። ሁለቱም ሴቶች ምንም ያህል ቢደክሙ ልዩነቱን በራሳቸው ሊሞሉት አይችሉም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ልዩነት ነው። ኪዶጎ የተባለው ድርጅት (ቃሉ በስዋሂሊ «ትንሽ» ማለት ነው) እንደነዚህ ያሉትን ጠባቂዎች እያሠለጠነ መዋያዎቻቸውን እንዲያሻሽሉ ይረዳል፤ ሥልጠና ግን ብቻውን ከላይ የተጻፈውን ሒሳብ አይለውጠውም።

ክፍያው ቢቃለል ምን እንደሚሆን ለማወቅ በኮሮጎቾ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። መቀመጫው በናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ የሥነ ሕዝብና የጤና ምርምር ማእከል ከካናዳው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት የሆናቸው ልጆች ያሏቸውን ከ1,200 በላይ እናቶች መረጠ። ለአንዳንዶቹ በዕጣ የመዋያ ክፍያ የሚያቃልል ኩፖን ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ አልተሰጣቸውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ኩፖኑ ከደረሳቸው እናቶች መካከል ሥራ ያላቸው ካልደረሳቸው ይልቅ በ8.5 ከመቶ ነጥብ በልጠው ተገኙ። ውጤቱም በ2019 ታትሞ ወጣ። ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን ባል የሌላቸው እናቶች ሁኔታ ነው። እነርሱ ድሮም ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይችሉም ነበርና የሠራተኞቹ ቁጥር በመካከላቸው ብዙ አልጨመረም። ነገር ግን ገቢያቸው ሳይቀንስ የሥራ ሰዓታቸው አጠረ፤ ሰዓቱ መደበኛ ወደ ሆነ ሥራ ማዘንበል ችለዋልና።

በዚህ ጕዳይ የሚቃወሙ ሰዎች ሐሳብም ሊናቅ አይገባውም። ልጅ ማሳደግ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው፤ መንገዱ፣ ቆሻሻው፣ ሐኪም ቤቱ ሳይሟላ የከተማው ገንዘብ ለሕፃን ጥበቃ እንዴት ይውላል? ይላሉ። ነገሩ ግን ወጪው መኖሩ ወይም አለመኖሩ አይደለም። ወጪው ዛሬም ይከፈላል፤ ከትምህርቷ የቀረችው ታላቅ እኅት ትከፍለዋለች፣ ጥሩ ሥራ ያመለጣት እናት ትከፍለዋለች፣ ከሃያ ልጆች መካከል አንዱ ሆኖ የዋለው ሕፃንም ይከፍለዋል። በከተማው በጀት ላይ ስላልተጻፈ ብቻ የሌለ ይመስላል።

ናይሮቢ ለሕፃናት ገንዘብ ለማውጣት ስትወስን ምን ልትሠራ እንደምትችል በ2023 ታይቷል። በዚያ ዓመት የአውራጃው መንግሥት «ዲሺ ና ካውንቲ» በተባለው ዕቅድ ትላልቅ ወጥ ቤቶች ሠርቶ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምሳ ማቅረብ ጀመረ። ወላጅ የሚከፍለው 5 ሽልንግ ብቻ ሲሆን የቀረውን መንግሥትና አጋሮቹ ይሸፍናሉ። የአፀደ ሕፃናት ልጆችም ከምሳው ተካፋዮች ናቸው። ያ ምሳ ግን 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይደርሰውም፤ ትምህርት ቤት የለውምና።

በኢትዮጵያም ጕዳዩ እንግዳ አይደለም። በ2017 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅም ከወሊድ በኋላ የ90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። በመርካቶ ጕልት የምትቸረችረው እናት ግን የሙቱርዋዋ እናት እኅት ናት፤ መሥሪያ ቤትም አሠሪም የላትም።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ አንድ ቀላል የማይባል ጥያቄ ይቀራል፤ መዋያው የት ይሠራ? በገበያው አጠገብ ቢሆን እናቲቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ እያለች ልታጠባ ትችላለች፤ ሕፃኑ ግን በጨለማ ተነሥቶ በተጨናነቀው ማታቱ መጓዝ ይኖርበታል፤ የመሃል ከተማው መሬትም ውድ ነው። በመኖሪያ ሰፈር ቢሆን መሬቱ ይቀላል፣ ሕፃኑም ከእንቅልፉ አይጐድልበትም፤ ጠባቂዋ ግን ጎሕ ሳይቀድ ከፍታ እስከ ምሽት መጠበቅ ይኖርባታል፤ በዋኩሊማ አትክልት የምትገዛ እናት ሰዓት ከቢሮ ሰዓት ጋር አይገጥምምና።

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በቅኝ ግዛት ዘመን የሕፃናት መዋያ የተከፈተበት ዓላማ ምን ነበር?
2. «በአንድ ዐረፍተ ነገር የተወለዱት ሁለት ልጆች» የተባሉት ምንና ምን ናቸው?
3. 45ቱ ወራት ለገበያዋ ሴት 48 የሚሆኑት ለምንድን ነው?
4. በኮሮጎቾው ጥናት ባል የሌላቸው እናቶች ያገኙት ጥቅም ከሌሎቹ እናቶች ጥቅም በምን ይለያል?

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ጽፋችሁ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ተቈረቈረ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሞግዚት፣ አፉን ይፈታል፣ ጕልት፣ መዋጮ

መልመጃ ሦስት፦ በክፍላችሁ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ «የሕፃናት መዋያ መሠራት ያለበት በገበያ አጠገብ ነው ወይስ በመኖሪያ ሰፈር?» በሚል ርእስ ተከራከሩ። ከዚያም በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ገበያ መርጣችሁ፣ በዚያ የሚሠሩ እናቶች ልጆቻቸውን የት እንደሚያውሉ ጠይቃችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።