የብራምሊ ፖም

ገብስ የዘራ ገብስ ያጭዳል፤ ጤፍ የዘራ ጤፍ ይወቃል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ፖም ግን እንዲህ አይደለም። የጥሩ ፖም ዘር ቢተከል የሚበቅለው ዛፍ ከእናቱ የተለየ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ያንሳል። አንዳንዴ ግን ደህና ነገር ይወጣል።

በእንግሊዝ አገር፣ ሳውዝዌል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የምትባል ልጅ በ1809 በአውሮፓ አቆጣጠር የፖም ዘር ተከለች። አንዱ አድጎ ዛፍ ሆነ። በ1846 ቤቱን ከነጓሮው ማቲው ብራምሊ የሚባል ሥጋ ሻጭ ገዛው። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የሚባል ወጣት ከዛፉ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለማራባት ለመነ። ብራምሊም ፖሙ በስሙ እንዲጠራ ብሎ ፈቀደ። ተካይዋ ቀርታ ስሙ ለገዢው ሆነ!

የብራምሊ ፍሬ ትልቅና ጎምዛዛ ነው። ጥሬውን ከመብላት ይልቅ ቀቅለው ይበሉታል፤ ሲበስል ቶሎ ይላላል። ዛፉ ኃይለኛ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የአበባው ብናኝ ደካማ ነው፤ ለራሱም ለጎረቤቱም አይበቃም። ስለዚህ ሌሎች ሁለት ዓይነት የፖም ዛፎች በአጠገቡ ይተከላሉ። እነሱ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ፤ እሱንም ይረዱታል። ብናኙን የምታመላልሰው ንብ ናት።

ታዲያ ዓይነቱ ሳይለወጥ እንዴት እዚህ ደረሰ? በማዳቀል ነው። ከዛፉ ቀንበጥ ቆርጦ፣ ሥር ባለው ሌላ የፖም ችግኝ ላይ ገጥሞ ማሰር ማዳቀል ይባላል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ቀንበጡ የእናቱን ፍሬ ያፈራል። በ1900 ገደማ አሮጌውን ዛፍ ማዕበል ጣለው፤ ከወደቀበት እንደገና አቆጠቆጠ። ኋላም ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ያዘው። ልጆቹ ግን አስቀድመው በየአትክልቱ ቦታ ተዳርሰው ነበር።

በአገራችንም እንደ ጨንቻ ባለው ብርዳማ ደጋ ፖም ይለማል። እዚያ የሚስማሙት ዓይነቶች ሌሎች ናቸው፤ ደንቡ ግን አንድ ነው። ፖም ዓመታት ጠብቆ የሚያፈራ ዛፍ ነው። ስለዚህ ችግኝ ስንገዛ «የተዳቀለ ነው ወይ? ዓይነቱስ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሳንጠይቅ ብንተክል ስህተቱን የምናውቀው ዓመታት ከደከምንበት በኋላ ነው።

ጥያቄ
1. የፖም ዘር ከገብስ ዘር በምን ይለያል?
2. ብራምሊ ብቻውን ቢተከል ምን ይሆናል?
3. በቀበሌያችሁ ጥሩ ፍሬ የሚሰጥ አሮጌ ዛፍ አለ? ቢወድቅ ምን ይቀርላችኋል?