ትኩሳት ሕፃንን ሲያንቀጠቅጥ ምን እናድርግ?

የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ወባ የሚገኝበት ቆላ በመሆኑ፣ የሕፃን ትኩሳት ለአርባ ምንጭ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድንገት ራሱን ስቶ እጅና እግሩ ሲንቀጠቀጥ ግን ቤቱ በድንጋጤ ይሞላል። በዚህ ጽሑፍ የክስተቱን ምንነትና የመጀመሪያ እርዳታውን በአጭሩ እንመለከታለን።

የትኩሳት መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ይታያል። ገና በማደግ ላይ ያለው አንጎል የነርቭ ሴሎቹ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በትኩሳት ጊዜ በቀላሉ ይዛባል። ብዙውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ በፊት በራሱ ይቆማል፤ አብዛኞቹ ሕፃናትም ወደፊት የሚጥል በሽታ አይዛቸውም።

ምን እናድርግ? በመጀመሪያ የተጀመረበትን ሰዓት እንያዝ። ቀጥለን ሕፃኑን ደልዳላ ቦታ ላይ በጎኑ እናስተኛው። በጀርባው ከተኛ ምራቅና ትውከት በመሬት ስበት ወደ ጉሮሮው ይወርዳል፤ በጎኑ ከተኛ ግን ያው ስበት ወደ ውጭ ያፈሰዋል። የአንገቱን ልብስ እናላላ፤ እሳትና ስለት ያለው ዕቃ ከአጠገቡ እናርቅ። እጅና እግሩን አፍነን አንያዝ። በጥርሶቹ መካከል ማንኪያም ሆነ ጣት አናስገባ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ጭሱ ግን ትንፋሹን ያውካል። በደንብ እስኪነቃ ድረስ ውሃም ሆነ መድኃኒት በአፉ አንስጠው።

ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስስ? በትኩሳት ጊዜ የሰውነትን የሙቀት ልክ ከፍ የሚያደርገው አንጎል ራሱ ነው። ቆዳው በድንገት ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ጡንቻዎችም በብርድ ሲርገበገቡ ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫሉ። ስለዚህ የደራረበውን ልብስ ማቅለል ይበቃል። አረቄ መቀባት ደግሞ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ሊመርዘው ይችላል።

መንቀጥቀጡ ቆመ ማለት ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። የወባና የማጅራት ገትር መንቀጥቀጥም በዓይን ሲታይ ተመሳሳይ ነው፤ የሚለየው በጤና ባለሙያ ምርመራ ብቻ ነው። ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላው ወርዶ የሰነበተ ሕፃን ወባን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ይበልጥ ያሠጋል። ስለሆነም የተንቀጠቀጠን ሕፃን ሁሉ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም እናድርስ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከተደጋገመ፣ ሕፃኑ ካልነቃ፣ ትንፋሹ ካስቸገረው ወይም አንገቱ ከገተረ አንዲት ደቂቃም አንጠብቅ፤ መንቀጥቀጡን የሚያስቆም መድኃኒት ያለው በዚያ ነው። በመንገድም ላይ ሕፃኑ በጎኑ እንደተኛ ይቆይ፤ የያዝነውንም ሰዓት ለባለሙያው እንንገር።