ያረጀ የአጥር ተክል ከመነቀሉ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች

ለዓመታት ሳይከረከም የቆየ የአጥር ተክል በቁመት ብቻ ሳይሆን በወርድም ይጨምራል። ሲተከል አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ የያዘው አጥር ውሎ አድሮ ከግቢው ሁለት ሜትር ያህል ሊሻማ ይችላል። ባለቤቱ በዚያ ቦታ የአትክልት መደብ፣ የእግር መንገድ ወይም መቀመጫ ለመሥራት ሲያስብ መጀመሪያ የሚያነሣው መጋዝ ነው። ይሁን እንጂ ከመጋዙ በፊት መልስ የሚሹ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ተክሉ ምንድን ነው? በውስጡ ማን ይኖራል? ከተነቀለስ በኋላ አፈሩ ምን ይሆናል?

የተክሉን ዓይነት መለየት

የአጥር ተክሎች ሁሉ ሲቆረጡ አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጡም። በብሪታንያ በብዛት የሚገኘው ሌይላንዲ የተባለው ተክል ከሁለት የጥድ ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ በዓመት አንድ ሜትር ገደማ ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን ከአሮጌው ቡናማ እንጨት አዲስ ቀንበጥ ስለማያወጣ፣ ወደ መሬት ተጠግቶ ከተቆረጠ ዳግም አያቆጠቁጥም። ቅጠለ ሰፊ ከሆኑት የአጥር ተክሎች ብዙዎቹ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቷቸው ያቆጠቁጣሉ። ስለዚህ እነርሱን ከላይ መቁረጥ ብቻ በቂ አይደለም፤ ጉቶውም መውጣት አለበት።

በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢዎች ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳን ያቃጥላል። ወደ ዓይን ከገባ ኮርኒያ የተባለውን የዓይን የፊት ሽፋን በመጉዳት ከባድ ሕመምና ጊዜያዊ የዕይታ መጥፋት ሊያስከትል ይችላል። ቅንጭብ የሚቆርጥ ሰው ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና የዓይን መከላከያ መነጽር ሊያደርግ፣ ሕፃናትንም ከአካባቢው ሊያርቅ ይገባል። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይታሽ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ቅርንጫፍም እርጥብ መሬት ላይ ከተተወ ሥር ሊሰድ ስለሚችል ሙሉ በሙሉ ከቦታው መነሣት አለበት።

ወቅቱን መምረጥ

ጥቅጥቅ ያለ አጥር ለወፎች ከነፋስና ከአዳኝ መጠለያ ነው። በእንግሊዝ የዱር ወፍ እየሠራው ያለውን ወይም እየተጠቀመበት ያለውን ጎጆ ሆን ብሎ ማበላሸት በ1981 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግ የተከለከለ ነው። በጀርመን ደግሞ ከመጋቢት 1 እስከ መስከረም 30 በአውሮፓ አቆጣጠር አጥርን ነቅሎ ማጥፋት በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ የዓመቱን አዲስ ዕድገት ለማስተካከል የሚደረግ ቀላል ክርከማ ይፈቀዳል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ሥራውን ለክረምቱ መጨረሻ፣ ከወፎቹ የመራቢያ ወቅት በፊት ቢያቅዱ ይመረጣል። በሌሎች አገሮችም የአካባቢውን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጉቶውን ማውጣት

ውኃና ማዕድን የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው የሚገኙት በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር የአፈር ክፍል ውስጥ ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በቦታው የተቀበረ የኤሌክትሪክ፣ የጋዝ ወይም የውኃ መስመር አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ግንዱን ከመሬት ቆርጦ ከመጣል ይልቅ አንድ ሜትር ያህል ማስቀረት ሥራውን ያቀላል። ዙሪያው ተቆፍሮ ዋና ዋናዎቹ ሥሮች ከተቆረጡ በኋላ ግንዱ ሲገፋ እንደ ማንሻ ያገለግላል፤ ማንሻው በረዘመ መጠን የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳልና።

አፈሩን ማዘጋጀት

በአንዳንድ ቦታዎች ትልቁ ችግር የሚመጣው ከተነቀለ በኋላ ነው። እንደ ለንደን ሸክላና እንደ ኢትዮጵያ ጥቁር መረሬ ያለ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ትልልቅ ተክሎች ለዓመታት የመጠጡት ውኃ ተክሎቹ ሲወገዱ ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ አፈሩም ቀስ በቀስ ሲያብጥ አጠገቡ ያለውን የቤት መሠረት ወይም የግንብ አጥር ሊያነሣና ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለሆነም በእንዲህ ያለ አፈር ላይ፣ ለቤት ቀርቦ የበቀለ ትልቅ አጥር ከመነቀሉ በፊት የግንባታ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። አዲስ ንጣፍ ለመሥራትም አፈሩ እስኪረጋጋ መታገሥ ይበጃል።

ለመትከል ለሚፈለግ ቦታ የበሰለ ብስባሽ መጨመር ጠቃሚ ነው። ከአጥሩ የተገኘውን እንጨት ፈልጦና አድቅቆ ወዲያው ከአፈር ጋር መደባለቅ ግን አይመከርም። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጂን ለራሳቸው ስለሚወስዱት አዲሶቹ ችግኞች ቅጠላቸው ሊገረጣ ይችላል። የደቀቀው እንጨት በእግር መንገድ ላይ ቢነጠፍ ግን አረምን ይከላከላል፣ እርጥበትንም ይይዛል።

ቦታው ክፍት ከሆነ በኋላ ከአንዱ ጥግ ጥቂት ቁጥቋጦዎችን መትከል ደግሞ መጠለያቸውን ላጡት ወፎች ምትክ ይሆናል።