የፊት መስታወት፦ ከጎማ ወደ ማጣበቂያ

በዎርክሾፕ ሰዓት አንድ ዕጩ መምህር፣ «መምህር፣ የድሮ ፒካፕ የፊት መስታወት እንደ አሁኖቹ መኪናዎች ከላሜራው ጋር እኩል ሆኖ ቢለጠፍ ምን ይከለክላል?» ሲል ጠየቀኝ። የሚከለክል ነገር የለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 የተሠሩትን የሼቭሮሌት ሲ10 ፒካፖች አድሰው የሚያሳምሩ ባለሙያዎች ይሠሩታል። ሆኖም ሥራው ከመስታወት ሥራነቱ ይልቅ የላሜራ ሥራነቱ ይበልጣል። ጥያቄው የሁላችሁም ስለሚሆን መልሱን እዚህ ሰሌዳ ላይ አወጣሁት።

በቅድሚያ ጎማው እንዴት እንደሚይዝ እንመልከት። በድሮው አሠራር ጎማው ግራና ቀኝ ቦይ አለው። በአንዱ ቦይ የመስታወቱ ጠርዝ፣ በሌላው የጋቢናው ላሜራ ከንፈር ይገባል። ስለዚህ መስታወቱ ከክፍቱ ያንሳል። በማጣበቂያ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ማጣበቂያው የሚያርፈው በከንፈሩ ፊትና በመስታወቱ ጀርባ መካከል ስለሆነ መስታወቱ ከክፍቱ መብለጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎማውን አውጥቶ በቦታው ማጣበቂያ ቢሞላ የሚበቃ ይመስለዋል፤ ታዲያ መስታወቱ ምን ላይ ሊደገፍ ነው?

እንግዲህ በክፍቱ ዙሪያ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አዲስ የላሜራ ከንፈር ወደ ውስጥ ይበየዳል። ጥልቀቱን ዕጩዎች ራሳቸው ያስሉት። መስታወቱ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረውና ማጣበቂያው ተጨፍልቆ 5 ሚሊሜትር እንዲቀር ቢፈለግ፣ ከንፈሩ ከጋቢናው የውጭ ገጽ 11 ሚሊሜትር ወደ ኋላ መግባት አለበት። በመስታወቱ ጠርዝና በላሜራው መካከልም ዙሪያውን 5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። መስታወት ብረትን የትም ቦታ መንካት የለበትም።

ለምን ቢባል፣ ሙቀት ሁለቱን እኩል አይዘረጋቸውም። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ላይ የ40 ዲግሪ ለውጥ ብረቱን 0.7 ሚሊሜትር ገደማ፣ መስታወቱን 0.5 ሚሊሜትር ገደማ ይዘረጋቸዋል። ይህ ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር የጋቢናው መጠማዘዝ ነው። መኪናው በአንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ጋቢናው ይጠመዘዛል፣ መስታወቱ ግን አይጠመዘዝም። ልዩነቱን የሚችለው ተለጣጩ ፖሊዩሬቴን ነው።

ብየዳውን አታስረዝሙ። ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ፣ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እየዘለላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ ቀጥሉ። አለበለዚያ ከንፈሩ ይጣመማል፤ የመስታወቱን ጉብጠት መከተሉም ይቀራል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ ፒካፕ ላይ ይህንኑ ሳስተምር፣ በላይኛው ቀኝ ማዕዘን የምስር ፍሬ የምታህል የብየዳ ጉብታ ሳልሞርድ ቀረሁ። መስታወቱን ለሙከራ አስቀምጠን ጫን ስናደርገው «ጧ!» አለና ስንጥቁ እስከ መሃል ሮጠ። ሌላ መስታወት አልነበረንም። ከተማሪዎቹ አንዷ ቀስ ብላ፣ «መምህር፣ በጣትዎ ዞረውታል?» አለችኝ። አልዞርኩትም። በዓይኔ ነበር ያየሁት፣ ዓይን ደግሞ ለዚህ አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ በሊጥ ነው የምንለካው። ትናንሽ የሊጥ ድብልብሎች በስስ ላስቲክ ተጠቅልለው በየ20 ሳንቲሜትሩ ከንፈሩ ላይ ይቀመጣሉ። መስታወቱ ሁለት ሰው ይዞት በቀስታ፣ ውጭው ከላሜራው ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ይወርዳል፤ ተነሥቶም የእያንዳንዱ ሊጥ ውፍረት በካሊፐር ይለካል። አንዱ 5፣ ሌላው 2 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ መዶሻውና ሞረዱ ተመለሱ። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ያለ ነው።

መስታወቱን መቁረጥ ካስፈለገ ላሚኔትድ መሆኑን ማዕዘኑ ላይ ካለው ጽሑፍ አረጋግጡ። በአሜሪካ ምልክት የፊት መስታወት «ኤ ኤስ 1» ይላል። ቴምፐርድ መስታወት አይቆረጥም፤ ጠርዙ እንደተነካ ሁለመናው ይበተናል።

የማጣበቂያው ጥንካሬ ከሥሩ ካለው ቀለም አይበልጥም። ስለዚህ በስቱኮ ላይ ወይም በሚላጥ ቀለም ላይ አትለጥፉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም አይተካውም፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረቱን ያዝገዋል። ፖሊዩሬቴን ደግሞ ፀሐይ አይወድም። የፋብሪካ መስታወት ዙሪያውን ጥቁር የሆነው ለዚህም ጭምር ነው፤ የእኛ መስታወት ጥቁሩ ከሌለው ጥቁር ፕራይመር ይቀባል። ማጣበቂያው የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ በደረቅ ወራት ይዘገያል፤ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። እስከዚያው የበሮቹን መስታወት ዝቅ አድርጉ። በር ድርግም ሲል የታፈነው አየር አዲሱን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ጥቅሙስ? እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው አውዲ 100 መስታወቶቹን ከአካሉ ጋር በማስተካከሉ ጭምር የአየር መጎተቻ ቁጥሩን 0.30 አድርሷል። እንደ ግንብ ለቆመ ፒካፕ ግን ከውበት በላይ ብዙ አልጠብቅም። በየገጠሩ ጭነት ለሚያመላልስ መኪና እኔ ጎማውን እመርጣለሁ። በጎማው ቦይ ሲባጎ አስገብቶ፣ አንዱ ከውጭ እየተጫነ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን እየሳበ፣ መንገድ ዳር መስታወት መቀየር ይቻላል። የተለጠፈው ግን በሽቦ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ማጣበቂያና ፕራይመር በሌለበት ቦታ ሹፌሩ ምን ያደርጋል?

ያን ፒካፕ በሁለተኛው መስታወት ጨረስነው። ከደረቀ በኋላ ውኃ ያለ ግፊት ከላይ አፈሰስንበት፤ ጣቱን የጠየቀችኝ ተማሪ ባትሪና ጠመኔ ይዛ ጋቢና ውስጥ ተቀመጠች። በግራ ታችኛው ማዕዘን አንድ ቦታ በጠመኔ አከበበች።