በሰው አገር ስለሚዘረጋ የበዓል ማዕድ
ለክርስቲያን ጠባይ የሚረዳ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ እንግዳን መቀበል ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በእስቴ፥ በጋይንትና በስማዳ ያደገ ሰው ሁሉ፥ በበዓል ቀን ደጁን ዘግቶ ለብቻው የሚበላ ሰው እንደሚነቀፍ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። በመካነ ኢየሱስ ከተማ በትንሣኤ ቀን ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በሬ በቅርጫ ይካፈላል፤ የአንዱ ቤት ድፎ ዳቦ በሌላው ቤት ይቀመሳል፤ ቡናም ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም። ነገር ግን ከአገሩ የወጣ ሰው ዘመዱን፥ ጎረቤቱንና ማኅበሩን ትቶ ይሄዳል፤ ልማዱን ብቻ በልቡ ይዞ ይቀራል። እንግዲህ ይህን መልካም ልማድ በሰው አገር እንዴት አድርጎ ይጠብቀው ዘንድ እንደሚገባው በዚህ ትምህርት እንመርምር።

1. ማዕድ የምንዘረጋበት ምክንያት

አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ፥ እርሱ ራሱ በዚያች ምድር መጻተኛ ነበረ። ስለዚህ እንግዳ የሆነ ሰው ሌላውን እንግዳ ማስተናገድ አይችልም የሚል ሰው ተሳስቷል። የእስራኤልም ልጆች መጻተኛውን እንዳያስጨንቁ የታዘዙት፥ በግብፅ አገር ሳሉ የመጻተኛን ነፍስ ኀዘን ስላወቁ ነው።

የእኛም አገር ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ከአውሮፓ የመጡ የወንጌል መልእክተኞችና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ተቀምጠው ነበር። ሴባስቶፖል የተባለውንም መድፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. በዚያ ሠሩ። ከእነርሱ አንዱ፥ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፥ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ነበር፤ እናትዋም ኢትዮጵያዊት ነበረች። በ1868 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት ከተፈጸመ በኋላ ከአገር ወጥተው በሊባኖስ ተቀመጡ። እነሆ፥ በጋፋት እንግዳ የነበረው ባልዮው ነው፤ በሊባኖስ ግን የእንግድነት ተራ ለሚስቲቱም ደረሳት። ዛሬ አስተናጋጅ የሆነ ሰው ነገ እንግዳ ይሆናልና፥ በሁለቱም ጊዜ ትሑት ሊሆን ይገባዋል።

2. ማንን እንጥራ

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፥ ግብዣ ስናደርግ ብድራት ሊመልሱልን የሚችሉትን ባለጠጎች ብቻ እንዳንጠራ አስተምሮናል። በሰው አገር የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠራቸው ቀድሞ የሚያውቃቸውን፥ ቤትና መኪና ያላቸውን ነው። ነገር ግን በዚያው ከተማ ትናንት የደረሰ፥ ቋንቋ የማያውቅ ሰው አለ፤ የመኖሪያ ፈቃድ በማጣቱ ከሰው ፊት የሚሸሸግ አለ፤ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ስለ ሌለው በዕረፍት ጊዜ ወደ አገሩ የማይመለስ ተማሪ አለ። በመጀመሪያ ሊታሰቡ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።

ይልቁንም በሰው ቤት የሚያገለግሉትን እኅቶቻችንን አንርሳ። በሊባኖስና በሌሎችም የዐረብ አገሮች፥ ካፋላ በተባለው ሥርዓት የሠራተኛይቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ብዙዎቹም በበዓል ቀን ቀርቶ በእሑድም ከቤት አይወጡም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ፥ አሠሪዎቻቸው ያባረሩአቸው ብዙ የኢትዮጵያ ሴቶች በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ በመንገድ ላይ አድረዋል። እንግዲህ መምጣት ለማትችል እኅት የድርሻዋ ምግብ በዕቃ ተደርጎ ይላክላት። ይህም ባይቻል በስልክ ድምፅዋን መስማትና ስምዋን በማዕድ ላይ ማንሣት ታላቅ መጽናናት ነው።

የዚያን አገር ሰዎችም፥ ጎረቤትንና የሥራ ባልደረባን፥ መጥራት መልካም ነው። እንጀራ በእጅ ቆርሶ መብላትን ለማያውቅ እንግዳ ሥርዓቱን በትዕግሥት ልናሳየው ይገባል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት እንደ ሆነ አስቀድመን እንንገረው፤ ካልወደደ ግን አናስገድደው። እስላም ወዳጅ የጠራ ሰውም፥ እርሱ የማይበላውን ሥጋ ሳያቀርብ፥ በተለየ ድስት የተሠራ የምስር ወይም የሽሮ ወጥ ያሰናዳለት።

3. ስለ ቀኑና ስለ ጾሙ

የእኛ ልደት የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ የዘመን አቈጣጠሩ ሲያስገድድ ደግሞ በ28 ይሆናል። ይህም በፈረንጆች ጥር 7 ቀን ነው። የምዕራብ ሰዎች ልደትን የሚያከብሩበት ቀን ግን በብዙው ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 16 ስለሚውል፥ ኅዳር 15 የተጀመረው የነቢያት ጾም ገና ሳይፈታ ነው። ስለዚህ የሚጾም ወዳጅህን በዚያ ቀን ጠርተህ ሥጋ ብታቀርብለት፥ ከሁለት አንዱን እንዲያሳዝን ታስገድደዋለህ፤ ወይ አንተን፥ ወይ ኅሊናውን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ፥ የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ፥ የማይበላም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አስጠንቅቋል። ከዚህ የተነሣ፥ የማይጾም ባለ ቤት ለሚጾመው እንግዳው የጾም ምግብ ሳያጕረመርም ያቅርብ።

በብዙ አገር ጥር 7 ቀን የሥራ ቀን ነው። ከአሠሪ ፈቃድ ማግኘት ያልቻለ ሰው ማዕዱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢያደርገው ነቀፋ የለበትም። ታምሜአለሁ ብሎ ዋሽቶ ከሥራ መቅረት ግን በዓሉን ማክበር ሳይሆን ማርከስ ነው።

4. ስለ ምግቡና ስለ ወጪው

የዶሮ ወጥ በሥርዓቱ 12 ብልት ሆኖ፥ ከተቀቀለ እንቍላል ጋር ይቀርባል፤ ሽንኩርቱም በዝግታ ሊቁላላ ስለሚገባው ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በሰው አገር ዶሮ ከሱቅ ተቈርጦ ስለሚገዛ 12ቱ ብልት ባይሞላ፥ ባለ ቤቲቱ አትፈር። ጤፍም እንደ ልብ አይገኝም። የኢትዮጵያ መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ ነበርና፥ በአሜሪቃ በአይዳሆ የሚበቅለውን የገዙ፥ ወይም ከገብስና ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅለው የጋገሩ ብዙዎች ናቸው። እንግዶቹን የሚያስደስታቸው የባለ ቤቱ ፊት እንጂ የእንጀራው ንጣት አይደለም።

ወጪውም ልክ ይኑረው። በመካነ ኢየሱስ እናቱ ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ስትጠባበቅ፥ ልጅዋ ለአንድ ቀን ግብዣ የሚበደር ከሆነ፥ ማዕዱ የፍቅር ሳይሆን የትዕቢት ማዕድ ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለዋል። ስለዚህ አንዱ ወጥ፥ አንዱ እንጀራ፥ አንዱ ዳቦ፥ አንዱም ቡናውን ያምጣ። ምንም የሌለው ሰው ግን እጁን ታጥቦ ይቀመጥ፤ ምን አመጣህ ተብሎም አይጠየቅ። በቆሮንቶስ የነበሩ ክርስቲያኖች የተገሠጹት፥ ያላቸው ቀድመው ሲጠግቡ የሌላቸው ተርበው ስላፈሩ ነውና።

በዚህ ስፍራ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ዛሬ የማዕዱ ፎቶግራፍ ገና ሳይበላ በስልክ ወደ አገር ቤት ይደርሳል። ያን ያየ ወጣት፥ ወዳጁ ሌሊት የሚያጸዳውን ወለልና የሚከፍለውን የቤት ኪራይ አያይም፤ የሚያየው ሞሰቡን ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ በሬ አሽጦ፥ ከዘመድ ተበድሮ፥ በመተማ ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ በረሃ፥ ወይም በጅቡቲ ወደ የመን ባሕር ይነሣል፤ በዚያም መንገድ ብዙዎች ሞተዋል። ፎቶግራፍ መላክ ኃጢአት አይደለም። ከፎቶግራፉ ጋር እውነተኛውን ኑሮ አለመጻፍ ግን ወንድምን ማሳት ነው።

5. በማዕድ ላይ ስለሚነገር ነገር

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በነሐሴ ወር እስከ ጋይንት፥ እስከ ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም፥ በዚያው ዓመት ማለቂያ በአማራ አገር ሌላ ጦርነት ተነሣ። የዚህ ሁሉ ኀዘን ባሕር ተሻግሮ፥ በሰው አገር በአንድ ሞሰብ ይበሉ የነበሩትን ወዳጆች በየወገናቸው ለያይቶአቸዋል።

ወዳጄ ሆይ፤ ከትግራይም፥ ከኦሮሞም፥ ከሌላውም ወገን የሆነውን የቀድሞ ወዳጅህን ከመጥራት አትቈጠብ። ኀዘን የደረሰበት ሰው ኀዘኑን ቢናገር ዝም አታሰኘው፤ ስማው፥ አብረኸውም እዘን። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሙታን ሲያቃልል ወይም ወገኑን በጅምላ ሲሰድብ፥ ባለ ቤቱ በትሕትና ነገር ግን በግልጥ ይከልክል። በቤቱ ውስጥ ይህን ማድረግ የባለ ቤት ሥልጣንም ግዴታም ነውና።

መጠጥም ብዙ ጊዜ የጠብ በር ይከፍታል። ጠላና ጠጅ ያለ ልክ ከሚቀዳ፥ ብርዝና ቡና ቢቀርብ የሚሻል ነው። ብሉልኝ ጠጡልኝ ማለት የአገራችን ደግነት ቢሆንም፥ መኪና የሚነዳውን ሰው መጠጥ ጠጣልኝ ማለት ነፍሱን አሳልፎ መስጠት ነው። የቡና መቍላትና የዕጣን ጢስም በትልልቅ ቤቶች የእሳት ደወል ስለሚያስጮኽ መስኮት ይከፈት፤ ጎረቤቶችም ስለ በዓሉ አስቀድመው ይነገራቸው። ከተነገራቸውም በኋላ አንድ ስኒ ቡና ቢወሰድላቸው፥ በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው ደጅ ያንኳኳሉ።

እንግዲህ ክርስቲያን ሆይ፤ ማዕድህ የጠበበች ብትሆን፥ ለአንድ ብቸኛ ሰው የሚሆን ስፍራ አታጣም። እርሱን ፈልገህ አስቀምጠው።

ጥያቄዎች

1. አብርሃም እንግዶችን በተቀበለ ጊዜ ራሱ ምን ነበረ?
2. በምትኖርበት ከተማ በበዓል ቀን ማንም የማይጠራው ሰው ማን ነው?
3. ወደ ማዕድ መምጣት ለማትችል እኅት ምን ልናደርግላት ይገባል?
4. የበዓል ፎቶግራፍ ወንድምን የሚያስተው እንዴት ነው?
5. በማዕድ ላይ ስድብ ሲነሣ የባለ ቤቱ ግዴታ ምንድር ነው?